ገደል ላይ ለተንጠለጠለው ሰው ስም ለማውጣት የተደረገ ስብሰባ

የአሳታሚ ድርጅቱ የገጸ ባሕርያት ስም አጽዳቂ ኮሚቴ ሦስተኛ ስብሰባ

ቀን፦ ወሩ በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ። ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ።

ቦታ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ ያልተሸጡ መጻሕፍት የሚከማቹበት ክፍል። ወንበር ያላገኙ አባላት መጻሕፍቱ ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ክፍት ነበር።

የተገኙ፦
ሥራ አስኪያጁ፣ ሊቀመንበር
እትዬ፣ የሊቀመንበሩ አክስትና የሕንፃው ባለቤት። አባል የሆኑበት ደብዳቤ የለም፤ የጠየቀም የለም።
የሽያጭ ኃላፊው፣ አባል
ደራሲው፣ መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት የማይችሉ አባል
አራሚው፣ ጸሐፊ

ያልተገኘ የለም። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የስብሰባው ምክንያት፦ በደራሲው የጀብዱ ልብ ወለድ ውስጥ ዋናው ሰው ከተበጠሰ የገመድ ድልድይ ላይ ተንጠልጥሏል። ጓደኛው በስሙ ጠርቶት እጁን ሊይዘው ይገባል። ስሙ ስላልጸደቀ ግን ጓደኝየው ካለፉት ሁለት ስብሰባዎች ጀምሮ አፋፉ ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ማተሚያ ቤቱ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጽሑፉ ካልደረሰው ተራውን ለአንድ የጥርስ አጠባበቅ መመሪያ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

አጀንዳ አንድ፦ የዋናው ሰው ስም

በደንባችን መሠረት የማንኛውም አባል ዘመድ ስም መከራ ለሚደርስበት ገጸ ባሕርይ አይሰጥም። ደንቡ የወጣው በቀደመው መጽሐፍ ባሕር ውስጥ የሰጠመው ነጋዴ የእትዬን ባል ስም ይዞ በመገኘቱ ነው። ያኔ ቢሮው ለሐዘን ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተውም ባላቸው ራሳቸው መጥተው ለምን እንደተዘጋ ከጠየቁ በኋላ ነው። ውድቅ የሆነ ስምም ባለቤቱ እንዳይቀየም ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም።

ደራሲው የመጀመሪያውን ስም አቀረቡ። እትዬ የወንድማቸው ልጅ ስም መሆኑን ገልጸው፣ "ልጁ ገና ባለፈው ወር ነው ከሞተር ብስክሌት የወደቀው፤ አሁን ደግሞ ገደል ልትሰዱብኝ ነው?" ሲሉ ተቃወሙ። ተሰረዘ።

ሁለተኛው የሽያጭ ኃላፊው አማች ስም ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው በበኩላቸው ተቃውሞ እንደሌላቸው፣ እንዲያውም ገደሉ ጠለቅ ቢል ደስ እንደሚላቸው፣ ነገር ግን ባለቤታቸው መጽሐፍ ስለምታነብ ቤት መግባት እንደሚቸግራቸው አስረዱ። ተሰረዘ።

ሦስተኛው የሊቀመንበሩ የራሳቸው ስም ነበር። ሊቀመንበሩ አሰብ አድርገው ሰውየው በመጨረሻ ይድን እንደሆነ ጠየቁ። ደራሲው፣ "ይድናል፤ ከዚያ በፊት ግን ፍየሎች ይረግጡታል" አሉ። ተሰረዘ።

የሽያጭ ኃላፊው ማንም የማይጠራበት አዲስ ስም ቢፈጠር ይሻላል ብለው እቤታቸው ያዘጋጁትን አነበቡ። ጸሐፊው ይህ ስም ሰው ሳይሆን የልብስ ሳሙና እንደሚመስል ማስታወሻ እንዲያዝለት ጠየቀ። ማስታወሻ የሚይዘው እሱ ራሱ በመሆኑ ያለ ክርክር ተያዘ።

ደራሲው በዚህ ጊዜ ስም በስብሰባ እንደማይመረጥ፣ ሰውየው ሲጠራ ቀና ካላለ ስሙ የእሱ እንዳልሆነ፣ እሳቸው ምንጊዜም ስም የሚሞክሩት ደረጃ ላይ ቆመው በመጮህ እንደሆነ አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ኮሚቴው ወደ ደረጃው እንዲወጣና የሽያጭ ኃላፊው ከመደገፊያው ውጭ እንዲንጠለጠሉ ሐሳብ ቀረበ። ኃላፊው፣ "እኔ የተቀጠርኩት ለሽያጭ ነው፤ ልጆችም አሉኝ" ስላሉ ኮታቸው ብቻ እንዲንጠለጠል ስምምነት ላይ ተደርሷል።

ደራሲው አራተኛውን ስም ወደ ኮቱ ጮኸው ጠሩ። ኮቱ አልመለሰም። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ ግን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ብቅ ብሎ፣ "አቤት! ማነው?" አለ። ሊቀመንበሩ፣ "አንተን አይደለም ወንድሜ፤ ገደል ላይ ያለ ሰው ነው" ብለው መለሱለት። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ኮቱን አየ፤ ብብቱ መተርተሩን ተናግሮም ደረጃውን ወጥቶ ሊሰፋው ይዞት ሄደ። ስሙ ተሰረዘ።

ውሳኔ፦ ዋናው ሰው ለጊዜው "ባለጉዳይ" ተብሎ እንዲጠራ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። ደራሲው፣ "ባለጉዳይ ብለህ የጠራኸው ሰው እኮ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል እንጂ እጁን አይሰጥህም!" ሲሉ ተቃውመዋል። ድምፅ ስለሌላቸው ተቃውሟቸው አልተቆጠረም።

አጀንዳ ሁለት፦ የወንበዴው ጥርስ

ሊቀመንበሩ ወንበዴው እንደ እሳቸው በግራ በኩል የወርቅ ጥርስ እንዳለውና እንደ እሳቸው ሲናደድ ብዕር እንደሚሰብር ጠቅሰው፣ ይህ አጋጣሚ መሆኑን ደራሲው እንዲያረጋግጡላቸው ጠየቁ። ደራሲው አጋጣሚ ነው አሉ። የሊቀመንበሩ ብዕር ተሰበረ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጥርሱ ከወንበዴው ወደ ወንበዴው ፈረስ እንዲዛወር ተወስኗል። ጸሐፊው ለፈረስ የወርቅ ጥርስ የሚተክለው ማን እንደሆነ ጠይቋል። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ተመልክተው ተራውን በጊዜ ለጥርስ መመሪያው መልቀቁ እንደሚሻል፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስም የሚያስፈልገው ሰው እንደሌለ ገለጹ። የሽያጭ ኃላፊው ደገፉ።

ደራሲው ተነሥተው፣ "ይህን ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቱ አውጥቼ፣ በረሃ አሻግሬ፣ ድልድዩ ላይ አድርሼዋለሁ። እናንተ እዚህ ስለ ዘመዶቻችሁ ስትነታረኩ መዳፉ ተልጦ እየደማ ነው። ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ከገባ ማንም አያወጣውም። እኔም ሌላ ሰው የምፈጥርበት ጉልበት የለኝም" አሉ። ጸሐፊው ይህን ንግግር ማሳጠር አልፈለገም።

ከዚህ በኋላ አባላቱ በአንድ ጊዜ ስለተናገሩ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። "ደንቆሮ" የሚለው ቃል ግን ከአንድ በላይ በሆኑ አባላት ጥቅም ላይ ውሏል።

በጩኸቱ መካከል እትዬ፣ "አንተ!" ብለው ተጣሩ። ሊቀመንበሩ፣ የሽያጭ ኃላፊው፣ ደራሲውና ጸሐፊው አራቱም በአንድ ጊዜ፣ "አቤት!" ብለው ዞሩ። እትዬ፣ "መስኮቱን ዝጋልኝ እንጂ፣ ብርዱ ትከሻዬን ጨረሰው!" አሉ። የተጠራው ማን እንደሆነ ውይይት ተከፈተ። ሊቀመንበሩ በማዕረጋቸው፣ ኃላፊው ያለ ኮት በመሆናቸው፣ ጸሐፊው እየጻፈ በመሆኑ የተጠሩት እነሱ ሊሆኑ እንደማይችሉ ተከራከሩ።

ደራሲው አልተከራከሩም። የአጀንዳውን ወረቀት ገልብጠው ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጥቂት ጻፉና ሳይፈቀድላቸው አነበቡ፦

"ጓደኛው አፋፉ ላይ በደረቱ ተኛ። 'አንተ!' አለው። ከታች ያለው ሰው ቀና አለ። 'አቤት!' 'እጅህን!' እጁን ሰጠው።"

እትዬ፣ "እፎይ! ተረፈልኝ ልጄ" አሉ። ጸሐፊው በአራሚነቱ አስተያየት ተጠይቆ የሚታረም ነገር እንደሌለ ተናገረ። ጸሐፊው ከተቀጠረ ጀምሮ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባም ሆነ በቀደሙት ሁለቱ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ዋናው ሰው ከባለጉዳይነት ተነሥቶ ያለ ስም ይሄዳል። ጥርሱ ከፈረሱ ተነቅሎ ለወንበዴው ይመለሳል፤ ሊቀመንበሩ በዚህ ላይ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ኮሚቴውም የሚያጸድቀው ስም ስለሌለ ፈርሷል።

የሽያጭ ኃላፊው ጽሑፉን ታቅፈው ያለ ኮት ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጠዋል።

ስብሰባው ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ተበትኗል። መስኮቱን የዘጋ የለም።