የሎጊያው አሰልጣኝና የዝውውር ደብዳቤው

በዚህ አገር አሰልጣኝ የሌለው ሰፈር የለም። መብራት የሌለው አለ፣ ውሃ በሳምንት አንዴ የሚያይ አለ፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሰው ልጅ የሚያሯሩጥ፣ ሹመትም አበልም የሌለው አሰልጣኝ ግን ሁሉም ጋ አለ። የእኛው የሎጊያው ክቡር አሰልጣኝ ፍቅረ ሥላሴ ይባላል፤ የባዮሎጂ መምህር ነው። የሚያሠለጥነው እግር ኳስ ቢሆን ምንም ባላልኩ። ቤዝቦል ነው።

ቤዝቦል ማለት አንዱ ኳስ በዱላ መትቶ ይሮጣል፤ ሌሎቹ ኳሷን ለቅመው፣ እሱ ሳይደርስ፣ ማረፊያው ላይ ለቆመው ጓደኛቸው ይወረውራሉ። እኔ ይህን ያወቅኩት ከፍቅረ ሥላሴ ነው። እሱ ደግሞ ያወቀው ከአምስት ቀን ሥልጠና ነው። ሁለቱን ቀን መከላከል ተማረ፤ በሦስተኛው ቀን መምታት ሊማር ሲል ወባ ጣለው። ስለዚህ የሎጊያ ልጆች መከላከል እንጂ መምታት አያውቁም። ምነው ሲባል ኮስተር ብሎ "መጀመሪያ በርህን ዝጋ" ይላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ትንሽ ስትበርድ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ይወጣል። ማረፊያዎቹ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ ናቸው። ኳሷን በዶማ እጀታ መሬት ለመሬት ይለጋታል፤ ጠጠር ነክታ ወዴት እንደምትነጥር እግዜር ነው የሚያውቀው። ሰልፍ አይወድም። "ተሰልፎ የቆመ ልጅ ድንጋይ ያነሳል" ባይ ነው። አሥራ አራቱን ልጆች ሦስት ቦታ ከፍሎ ሦስት ኳስ ይለቅባቸዋል፤ አንዱ ይለቅማል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ወዲያው ቦታ ይለዋወጣሉ። ቆሞ ማየት እንኳ ክልክል ነው። አብዱናሲር የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር፣ መለዋወጫ እስኪመጣለት ሻይ ይዞ ብቅ ቢል፣ በሦስተኛው ቀን አንደኛው ማረፊያ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሻዩን እኔ ያዝኩለት።

የሰውየው ትልቁ ግኝት ግን ጩኸቱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ እየሮጡ ግንባር ለግንባር ይላተሙ ነበር። አንድ ቀን አንድ ረዳት ተሳቢ መኪና ወደ ኋላ ሲያስገባ አየ፦ "ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!" በማግስቱ ሕግ ወጣ። ኳሷን የሚፈልግ ልጅ እንደ ረዳት እየጮኸ ይመጣል፤ ሌላው ይቆማል። "ዝም ያለ ረዳት መኪና ገደል ይከታል" የሚለው መፈክሩ ሆነ። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ እንኳ "አቤት" የማይለው ኢስማኤል አሁን ሲጮህ በመንገዱ የሚያልፉ ሹፌሮች ፍሬን ይይዛሉ።

እኔ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነኝ። የፍቅረ ሥላሴ ሚስት ዕፀገነት ደብረ ብርሃን ታስተምራለች፤ የሚገናኙት ክረምት ክረምት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የዝውውር ማመልከቻውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በየመስከረሙ "ይቺን ዓመት ብቻ፣ ጋሽ አምባዬ" ይለኛል። "አይዞህ" ብዬ ፋይል ውስጥ አስገባለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ተፈቀደለት። ደብዳቤው በደረሰው በሦስት ቀን ውስጥ አዲሱ ቦታው ሪፖርት ያድርግ ይላል። ቅዳሜ ደግሞ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጆች ሊገጥሙን ይመጣሉ፤ የመጀመሪያ ግጥሚያችን ነው። "ግጥሚያችን" አልኩ? ብያለሁ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ የሰው ወረቀት ስደብቅ የመጀመሪያዬ ነው። ስምንት ዓመት ከጠበቀች ሴት ላይ ሦስት ቀን መስረቅ ነውር እንደሆነም አላጣሁትም።

ቅዳሜ ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። አዋሾች መምታት ያውቃሉ፤ እኛ ዱላውን የያዝነው እንደ ከዘራ ነው። ግን መሬት ለመሬት የመጣች አንዲት ኳስ አላለፈችንም። ሁለቱንም ነጥብ ያገኙት በአናታችን በበረሩት ኳሶች ነው፤ በሰማይ የሚመጣውን ደግሞ ገና አልተማርንም።

ሰው ሲበተን፣ ጠዋት ከመሳቢያው ይዤው የወጣሁትን ደብዳቤ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። "ረቡዕ ነው የመጣው። ደብቄብህ ነው፤ ይቅር በለኝ" አልኩት።

አነበበው፣ አጠፈው።

"አውቃለሁ" አለ። "ግልባጩ ለእሷ ትምህርት ቤት ደርሷል። ረቡዕ ማታውኑ ደወለችልኝ።"

"ታዲያ ለምን መጥተህ አልወሰድክም?"

"ጠርታችሁ ደብዳቤውን እንዳትሰጡኝ ፈርቼ ነዋ፣ ጋሽ አምባዬ። ሦስት ቀን ሙሉ በቢሮው በር አላለፍኩም፤ በጋራዡ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።"

"ዕፀገነትስ?"

"ቅዳሜን አጫውተህ ና አለችኝ።"

እሁድ ማለዳ አውቶቡስ ላይ አሳፈርነው። ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጆቹ ቢሮዬ በር ላይ ተኮልኩለዋል። ሀዊ፣ ከሁሉም ትንሿ፣ "ጋሼ፣ ማን ይምታልን?" አለችኝ። ወገቤን ያመኛል አልኩ፣ ጡረታዬ ደርሷል አልኩ፣ ማን ይሰማኛል። ሜዳ ወጥቼ የመታኋት የመጀመሪያዋ ኳስ ሁለት ክንድ ተንከባልላ ቆመች። እንዲስቁብኝ ጠበቅኩ። አንዳቸውም አልሳቁም።