ክብርት ወይዘሪት አትቸገሩልኝ

ቤት የሚያተራምሰው እንግዳ «ስለ እኔ አትቸገሩ» የሚለው ነው። ሻይ አፍሉልኝ የሚል ሰው ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ተገላገላችሁ። አትቸገሩ ባዩ ግን ሻይ፣ ኬክ፣ ትራስ፣ ከእሳቱ ጠጋ ያለ ወንበር፣ ከዚያም ትንሽ ራቅ ያለ ወንበር ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ደግሞ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ያስደርጋችኋል። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ለእኛ ለክሎንበግ መንደር ሰዎች የደረሰችን ግን ተራዋ አይደለችም። ለእኛዋ አገሩ ሁሉ ሲኒማ ቤት ገብቶ አልቅሶላታል።

አትራክታ ጊልዴ ትባላለች። እኔ በልቤ «ክብርት ወይዘሪት አትቸገሩልኝ» እላታለሁ። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ የእሷ ወጥ ቤት መስኮት የእኔን የልብስ ማስጫ ገመድ ያያል። ይህ መስኮት ኋላ ላይ ስለሚመጣ አትርሱት።

ልጆች ሳለን ሰው ቤት ከመግባታችን በፊት እናቶቻችን በር ላይ ያቆሙን ነበር። «ሁለቴ እምቢ፣ በሦስተኛው እሺ» ይሉናል። የመጀመሪያው እምቢታ ለጨዋነት ነው። ሁለተኛው ለቤቱ እመቤት ነው፤ ምናልባት ቤት ውስጥ ያለው ያው የቀረበው ብቻ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛውንም እምቢ ያለ ግን የምሩን ነው፤ ሳህኑ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ደግሞ መጠየቅ ሰውን መዳፈር ነው፣ ማንም አያደርገውም።

እኔ እምቢታ አልሆነልኝም። አፌ እምቢ ሲል ዓይኔ ኬኩ ላይ ይቀራል። አትራክታ ግን እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፣ ዓይኗን ወደ መሬት ትሰብራለች፣ ከዚያ «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን ከፋሲካ ወዲህ እህል ያልቀመሰ ሰው ድምፅ ነው። ወይዘሮ ሃንሊ አንድ ቀን ይህን አይተው እንባቸው መጣ። የዘቢብ ኬኩን ግማሽ ቆርጠው በጨርቅ ጠቀለሉላት። እኔ አጠገቧ ስለተቀመጥኩ ፍርፋሪው ደረሰኝ። እንግዲህ ትወናዋ የተጀመረው እዚያ ነው፤ ጋዜጠኞች ሌላ ሌላ ይላሉ።

እናቴ ስትታመም እኔ ትምህርቴን ትቼ ወንድሞቼን ላበላ ቤት ቀረሁ። አትራክታ ቀጠለች። የደብሩ ቄስ አባ ኮንሲዳይን በአዳራሹ ለሚያሳዩት ድራማ ዋናዋን ሴት እንድትሆን ጠየቋት። እምቢ አለች። የአገሩ ሰው ናቸውና ደግመው ጠየቁ፣ ሠልሰው ጠየቁ። በሦስተኛው ተንፍሳ «እርስዎ ካሉ» አለች። የዚያን ዕለት ያለቀሰው ሕዝብ ብዛት ለቀብርም አልተሰበሰበም። ከዚያ ደብሊን፣ ከደብሊን ለንደን።

ለንደን ላይ አንድ ትልቅ ዳይሬክተር በስልክ የፊልም ሥራ አቀረበላት። እንግሊዛዊ ነበር፣ ምን ያድርግ። እሷም ወጉን ጠብቃ «አይ፣ ለእኔ ይከብዳል፣ የተሻለች አያጡም» አለችው። ሰውየው ስለ ግልጽነቷ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ።

አትራክታ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። ዳቦ ለመግዛት እንኳ አልወጣችም አሉ። በመጨረሻ መንደራችን ሱቅ ደውላ እኔን አስጠራች።

«ዲምፕና፣ ለምንድነው ያልደገመው?»

«ምን አልሽው?»

«እምቢ ነዋ። የመጀመሪያው እኮ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እነሱ እኮ አንዴ ነው የሚጠይቁት።»

«አንዴ?» አለች። «አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሥራውን ሌላ ሴት ወሰደችው። አሁን ተራራ ላይ መዋኛ ያለው ቤት አላት ይባላል። የእኛዋ ግን ከዚህ ተምራ እምቢታዋን አልተወችም፤ የተወለደችበትን ነገር እንዴት ትተወው። ያደረገችው ነገር ከራሳችን አገር ከኬሪ የሆነ ማሎን የሚባል ወኪል መያዝ ነው። ማሎን ሲሞት ጋዜጣ ላይ ብዙ ተባለለት። እኔ የማውቀው ሥራው ግን አንድ ነበር፤ አትራክታ እምቢ ባለች ቁጥር ሰዎቹ ጋ ደውሎ «እምቢ አላለችም፣ ደግማችሁ ጠይቋት» ማለት። ያ ሁሉ ዝና የቆመው በዚህ ነው።

መበለት ሆና ስትጫወት ማንም አይደርስባትም። በፊልም የቀበረችው ባል ብዛቱ፤ በቤቷ አንድም አላገባችም። ጠያቂ ጠፍቶ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቋት ይመስለኛል።

ታላቁን ሽልማት ያመጣላትን ፊልም ለማየት በአውቶቡስ ካስልባር ከተማ ሄድኩ። በፊልሙ አትራክታ የምትሆናት ሴት ልብስ አስጥታ ትመለሳለች። ባዶውን ቅርጫት ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ትቆማለች። ወንበሩን ታየዋለች። ልቀመጥ፣ አልቀመጥ ትላለች። ከዚያ ሳትቀመጥ ድንች መላጥ ትጀምራለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ከኋላዬ አንዷ «ይቺ ዲምፕና አይደለችም እንዴ?» ስትል ሰማሁ።

ጋዜጦቹ «የአንድ ሕዝብ የዘመናት ድካም በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ» ብለው ጻፉ። የዘመናት ድካም አልነበረም። እኔ ነበርኩ፣ ሰኞ ልብስ በማጥብበት ቀን። በቴሌቪዥን ድካምን እንደዚያ አድርጎ መጫወት ከየት እንደተማረች ሲጠይቋት ፈገግ ብላ «እናቴ ቤት አንድ ጥሩ መስኮት አለ» አለች። በማግስቱ ሥጋ ሻጩ ቲርኒ ሰው በተሰለፈበት፣

«ዲምፕና፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሽልማቱን የት አስቀመጥሽው?» አለኝ።

«ከድንቹ ሥር» አልኩት። «ቋሊማዬን ስጠኝ።»

ለእረፍት ስትመጣ ጠየቅኳት። «ዘመኔን ሙሉ በመስኮት ስታዪኝ ከምትኖሪ፣ አንድ ቀን ወጥተሽ ቅርጫቱን ብትይዢልኝ ምን ነበረበት?»

«ልያዝልሽ ብዬሽ ነበር፣ እምቢ አልሽ።»

«አንዴ ነዋ የጠየቅሽኝ።»

አላስተባበለችም። ለንደን ያበላሸባት ነገር ይኸው ነው፤ እሷ ሦስቴ መጠየቅ ትፈልጋለች፣ ሰውን ግን አንዴ ትጠይቃለች።

ካረጀች በኋላ ጠቅልላ ወደ እናቷ ቤት ገባች። መምጣቷን ለማንም እንዳልናገር አደራ አለችኝ፤ ከዚያ በዝናብ ጥቁር መነጽር አድርጋ በዋናው መንገድ ወረደች፣ ወጣች። «ለእኔ አንዲት ትንሽ ድንች ትበቃኛለች» ትልና የራሴን ሳህን በዓይኗ ትሸኛለች። «አልበረደኝም» ስትል ብርድ ልብስ ይዤ እሄዳለሁ። «ቄሱን ጉንፋን ይዟቸዋል መሰል» ካለች ጉንፋኑ የእሷ ነው፣ ሾርባ ይፈላል። እናቴን አስታምሜአለሁ፣ አባቴን አስታምሜአለሁ፣ ወንድሞቼንም ተራ በተራ። ከሁሉም ያደከመችኝ ምንም የማትፈልገዋ ናት።

ካቻምና በመኸር ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ብቻዋን መኖር አትችልም አሉ። ከወንድሟ ልጅ በቀር ዘመድ የላትም፤ ግራንት ይባላል፣ ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ልበ ቅን ሰው ነው። ሥራውን ጥሎ መጣላት። ሩቅ ከተማ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ አገኘ። ንጹሕ ቤት ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ግን ከክሎንበግ ማንም እዚያ ሄዶ ሲመለስ አላየንም፤ መስኮቱም የመኪና ማቆሚያ ነው የሚያየው።

ሆስፒታል ሄጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «የእኔ የኋላ ክፍል ባዶ ነው» አልኳት። «ደረጃ የለውም።»

«አይ ዲምፕና፣ ስለ እኔ አትቸገሪ።»

ግራንት ሰማ። «እንግዲህ አክስቴ ካልፈለገች» ብሎ ወጣና ለመኖሪያው ደወለ። መኪናው ዓርብ እንዲመጣ ተስማሙ። አልፈርድበትም። ባደገበት አገር እምቢ ማለት እምቢ ማለት ነው።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጠይቄአለሁ፤ ግራንት ምስክሬ ነው። ከእንግዲህ ማንም «ዲምፕና ጎረቤቷን ጣለች» አይለኝም። ጉልበቴ ያብጣል፣ ደረጃ አይቼ እጸልያለሁ፤ ለሌላ በሽተኛ የሚተርፍ ምን አለኝ? እንዲህ እያልኩ የአትራክታን መስኮት አየሁት። መጋረጃው ተዘግቷል። ልብሱ ገመዱ ላይ ነበር፤ ወጥቼ ሰበሰብኩት። እሷ ከተመለሰች ወዲህ ማንም ሳያየኝ ልብስ ስሰበስብ የመጀመሪያዬ ነው። ነገሩ አላማረኝም።

በማግስቱ ሄጄ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቅኳት። እምቢታዋ ከወትሮውም በለጠ። እጇ ደረቷ ላይ፣ ዓይኗ አንሶላው ላይ። «ሰዎቹ ጥሩ ናቸው አሉ» አለች። «ማታ ማታ ሾርባ ይሰጣሉ።» የደም ግፊቷን የምትለካዋ ነርስ አፍንጫዋን እየጠረገች ወጣች። እኔም ሙያዋ እንዳልተነካ አይቼ ልቤ አረፈ። ዓርብ ሦስተኛውን እጠይቃለሁ፣ ትተነፍሳለች፣ «አንቺ ካልሽ» ትላለች፤ አለቀ። ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ከመያዜ በፊት አልጋውን አነጠፍኩ።

ስደርስ ካፖርቷን ለብሳ ተቀምጣለች። ግራንት ሻንጣውን ይዘጋል።

«አትራክታ፣ እኔ ቤት ነይ» አልኳት።

«አይ» አለች።

እጇን ደረቷ ላይ አላደረገችም። ዓይኗንም አልሰበረችም። ቀጥ ብላ ጉልበቴን፣ ከዚያ እጄን ታይ ነበር። ድምፅዋም የድንች ዋጋ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

«ደክሞሻል፣ ዲምፕና» አለች። «እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል። ተዪኝ ልሂድ።»

ሴትየዋን በአዳራሽም በሲኒማም አይቻታለሁ። እንዲህ አበላሽታ ስትጫወት አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አልተጫወተችም። የምሯን ነው። ሦስተኛው ነው ደግሞ፤ ከሦስተኛው በኋላ በእኛ አገር ማንም አይጠይቅም።

ግራንት ሻንጣውን አነሳ። «መልሳለች እኮ፣ ወይዘሪት ዲምፕና» አለኝ በትሕትና። «መኪናው ቆሟል።»

«እኔም አልጠይቅም» አልኩት። ወደ እሷ ዞርኩ። «አልጋው ተነጥፏል። አንሶላ መልሼ የማነሳበትና የማጥፍበት ጉልበት የለኝም። ደክሞሻል ብለሻል፤ እንግዲያው አታድክሚኝ።»

ነገሩን ከወጉ ጋር የምታስማማው መሰለኝ፤ ብዙ አሰበች። ጥያቄ አይደለም፣ ስለዚህ እምቢ የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ ተነፈሰች፤ ያቺ ከወይዘሮ ሃንሊ ቤት ጀምሮ የማውቃት ትንፋሽ ናት።

«ለሳምንት ብቻ» አለች። «ክፍሉንም እንዳታሞቂልኝ።»

አሙቄው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድንች ሁለቴ ተተክሎ ሁለቴ ተቆፍሯል። ሳምንቷ አላለቀችም። እሳቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ምንም አትፈልግም፣ እኔም ምንም የማትፈልገውን ሁሉ ሳቀርብ እውላለሁ። አሁን የምታየኝ በእኔው መስኮት ነው። ምን ታያለሽ ስላት «ሥራዬን» ትላለች።

ትናንት ዝናቡ ሳይደርስ ልብሱን ሰብስቤ ገባሁ። ቅርጫቱን ወገቤ ላይ እንዳደረግኩ በሩ ጋ ቆምኩ። አትራክታ በምርኩዟ ባዶውን ወንበር ወደ እኔ ገፋችው።

«ተቀመጪ» አለችኝ።

«አይ፣ ድንቹ አልተላጠም።»

እንደ ልማዷ ትተወዋለች ብዬ ቢላዋውን ፈለግኩ።

«ተቀመጪ እንጂ።»

«አይ፣ ስለ እኔ አትቸገሪ።»

«ተቀመጪ፣ ዲምፕና» አለች።

ሦስተኛው ነው። ተቀመጥኩ።