ታፔላ የበቀለባት አትክልት ቦታ

እንስሳት ከተማ ቆርቁረው፣ ከንቲባ ሾመው፣ ስብሰባ እያበዙ በሚኖሩበት ዘመን ነው አሉ። በከተማይቱ መሐል ከአንድ ቤት ግቢ ብዙም የማትሰፋ የዕፅዋት ማዕከል ነበረች። ቡላ የሚባል አህያ ከወንዝ ውሃ እየጫነ ያጠጣታል። ኃላፊዋ ደግሞ ፍየል ነበር። ፍየልን ለዕፅዋት ኃላፊነት ማን እንዳጨው እንጃ። ማመልከቻው ላይ ለቅጠል ያለው ፍቅር ከልጅነቱ የጀመረ መሆኑን ጽፏል፤ ይህስ ውሸት አልነበረም።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከንቲባው ዝንጀሮ ሹማምንቱን አስከትሎ እየመጣ ችግኝ ይተክላል። አተካከሉም ወግ ነበረው። ጉድጓዱን ቡላ ይቆፍራል፤ ችግኙን ቡላ ያቀርባል፤ ሹሙ አፈሩን በጣቱ ነካ አድርጎ ቀና ሲል ይጨበጨብለታል። ከዚያ ስሙ የተጻፈበት ታፔላ ከአጠገቡ ይቸከላል። እንግዶቹ ከበር እንደወጡ ፍየል ችግኙን በልቶ አፉን ይጠርጋል።

ቡላ ነገሩን ለከንቲባው አመልክቶ ነበር። ከንቲባው ታፔላው ቆሞ እንደሆነ ጠየቀው። ቆሟል አለ። እንግዲያው ምን ጎደለ ተባለና ተመለሰ። የታዘዘው ታፔላ ያለበትን ሁሉ እንዲያጠጣ ነውና፣ ባዶ አፈር ሲያጠጣ ጀርባው ተላጠ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዐሥር ዓመት ሞላ። በክረምቱ መግቢያ ላይ፣ ንጉሡ አንበሳ የማዕከሏን ዐሥረኛ ዓመት በዓል ሊያከብር መስከረም ላይ እንደሚመጣ ተሰማ። ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ሁለት ነገርም ወሰነ። አንደኛው፣ ያረጁት ታፔላዎች በሙሉ በአዲስ እንዲተኩ። ሁለተኛው፣ አንበሳ ዕፅዋቱ የት አሉ ብሎ ከጠየቀ ውሃ አጠጪው እንዳደረቃቸው እንዲነገረውና ቡላ ለጅብ እንዲሰጥ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ጅብማ ሁለት እጁን ነበር ያወጣው።

ቡላ ይህን ሰማ። ቢሸሽ የት ይሸሻል? የሚያውቀው ሥራ ማጠጣት ብቻ ስለሆነ፣ ከፍርሃቱ የተነሣ በቀን ሦስት ጊዜ ያጠጣ ጀመር።

ታፔላ ሠሪው ግንደ ቆርቁር ደግሞ ሥራው ተጣድፎበት፣ ደረቅ እንጨት ፍለጋ አልደከመም። ከአጥሩ ላይ እርጥብ የኮርች እንጨት እየቆረጠ ሠርቶ ቸከለ። ኮርች እንደሆነ ቆርጠው ቢሰኩት ሥር መስደድ ያውቃል። ነሐሴ ሲጋመስ ከከንቲባው ስም ራስጌ ላይ ቅጠል ብቅ አለ። ቡላ ደስ አለው፤ ወዲያው ግን ፍየል ሲመጣ አየ።

ፍየል አፉን ከፍቶ ተጠጋ። ጽሑፉን አነበበ፦ «ክቡር ከንቲባ»። ወደሚቀጥለው ዞረ፦ «ክቡር ምክትል ከንቲባ»። ሦስተኛውም ክቡር፣ አራተኛውም ክቡር።

«አሁን ይህን ብቀነጥስ ማንን በላህ ሊሉኝ ነው?» አለና ምራቁን ውጦ ተመለሰ።

መስከረም ላይ አንበሳ ሲመጣ አርባ ታፔላ አርባ ለምለም ዛፍ ሆኖ ጠበቀው። ተደሰተ፤ የማዕከሏም ታሪክ እንዲጻፍ አዘዘ። ከንቲባው መሥራች ተባለ። ፍየል ዕፅዋቱን በመንከባከብ ተሸለመ። ጅብ ብቻ ሆዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ቡላ ግን ነፍሱ ስለተረፈች ከሁሉም ይልቅ እሱ ደስ ብሎት ነበር።

ታሪኩን የምትጽፈው ጦጣ እውነቱን ታውቅ ነበርና ወንዝ ዳር ድረስ ፈልጋ አገኘችው።

«ቡላ፣ ያንተ ስም መቅረቱ ግፍ ነው። እኔ አለሁልህ፣ ታፔላ አሠርቼ አስተክልልሃለሁ» አለችው።

ቡላ እንስራውን ጀርባው ላይ አደላደለ።

«ተይኝ እባክሽ፣ እሜቴ» አላት። «እሱንም የማጠጣው እኔው ነኝ።»