መግቢያ የሌለው አቤቱታ

አገር የሚቆመው በሕግ ነው፤ ሕግ የሚቆመው በወረቀት ነው፤ ወረቀት በምን እንደሚቆም ግን አቶ ምንዋጋው ወደ ደሴ ወርደው የሦስት ሳምንት ኮርስ እስኪወስዱ ድረስ ሰቆጣ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

አቶ ምንዋጋው ስሙ ባይነሣ የሚሻል የአንድ መሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ ናቸው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ሁለት ብዕርና አንድ ታላቅ እውቀት ይዘው ተመለሱ፤ ማናቸውም ጽሑፍ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ሊኖረው ይገባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ መግቢያ የሌለው አቤቱታ ወደ ቢሮው እንዳይገባ ታዘዘ።

የእውቀቱ የመጀመሪያ ተቋዳሽ ወይዘሮ ታይቱ ሆኑ። ባላቸው የሞቱባቸው የዋግ ዝቋላ ገበሬ ናቸው፤ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ደረሱ።

«ጌታው፣ ዝንጀሮ ማሽላዬን እየፈጀው ነው። የሟቹ ባሌ ጠመንጃ እዚሁ በአደራ ተቀምጧል። ይሰጠኝና ወንድሜ እርሻውን ይጠብቅልኝ።»

አቶ ምንዋጋው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ሐተታ ነው። መግቢያው የት አለ?»

«መግቢያውማ በገደሉ በኩል ነው። በዚያ ነው የሚመጡት።»

ወይዘሮ ታይቱ ተመለሱ። የደብራቸውን መሪጌታ ገብረ ጻድቅን ለመኑ። መሪጌታ ለተቸገረ የማይሰስቱ ሊቅ ናቸውና መግቢያውን ከሥነ ፍጥረት ጀመሩት፤ በአምስተኛው ገጽ አራዊት ተፈጠሩ፤ በዘጠነኛው ኖኅ ዝንጀሮዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መርከብ አሳፈረ።

ጥቅምት ሲገባ አቶ ምንዋጋው እስከ መርከቡ አነበቡና ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እጅግ ረዝሟል። መግቢያ አንድ አንቀጽ ነው።»

«እንግዲያስ ጌታው፣ እዚያው መርከቡ ላይ ይተዉልኝ፤ እንዳይወርዱ። የእርሻዬ እኩሌታ አልቋል።»

አልተተወላቸውም። ኅዳር ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አቤቱታው አጥሮ፣ እግራቸው ቆስሎ ነበር። አቶ ምንዋጋው አነበቡ፤ ፊታቸው ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ።

«ተቃራኒ ሐሳብ ጎድሎታል።»

«ምን ማለት ነው?»

«የዝንጀሮዎቹ ወገን ምን ይላል? የተማረ ሰው ሁለቱንም ወገን ያሰማል።»

ወይዘሮ ታይቱ የቆሰለ እግራቸውን አዩ። ያን መንገድ ለአራተኛ ጊዜ መመላለስ የሚችሉ አልመሰላቸውም። ጥቂት አሰቡ።

«ርቦናል ይላሉ።»

«ሌላስ?»

«እርሻው ጠባቂ የለውም ይላሉ። እሱስ እውነታቸውን ነው።»

አቶ ምንዋጋው በገዛ እጃቸው ጻፉት። መደምደሚያውንም ራሳቸው ጨመሩ፤ «ጠመንጃ» የሚለው ቃል ለመደምደሚያ ሸካራ ስለሆነባቸው «አግባብ ያለው ውሳኔ ይሰጥ» ብለው አለዘቡት። አቤቱታው ለአጻጻፍ አብነት እንዲሆን ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ተላከ። ወይዘሮ ታይቱ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር ተናገሩ። አቶ ምንዋጋው ኽምጣና ስለማይሰሙ ምስጋና መሰላቸውና እጅ ነሡ።

መልሱ በጥር መጣ። ማሽላው አልቋል፤ ወይዘሮ ታይቱ ፍየሎቻቸውን እየሸጡ እህል ይሸምታሉ። ተጠርተው ሲቀርቡ አቶ ምንዋጋው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው አነበቡላቸው፦

«አቤቱታው በጥንቃቄ ተመርምሯል። መግቢያው የሚስብ፣ ሐተታው የተሟላ ሆኖ አግኝተነዋል። ይሁን እንጂ የዝንጀሮዎቹ መልስ አጭር፣ ግልጽና አቤት ባይዋም ራሳቸው ያመኑት በመሆኑ ለዝንጀሮዎቹ ተፈርዶላቸዋል። ጠመንጃውም ባለበት ይቆይ።»

ወይዘሮ ታይቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አይዞዎት፣ ይግባኝ አለ» አሉ አቶ ምንዋጋው ንጹሕ ወረቀት እየሳቡ። «መግቢያውን እኔ አግዝዎታለሁ።»

«አይድከሙ ጌታው» አሉ ወይዘሮ ታይቱ። «ይግባኙን ዝንጀሮዎቹ ይጻፉልኝ። እዚህ ቤት ዘመድ ያላቸው እነሱ ናቸው።»