ወይዘሮ ይደገም የደም ምልክት ስታነብ

በየዘመዱ መሀል አንድ በቀላሉ የማያምን ሰው አይጠፋም። በሩን ቆልፎ ተመልሶ የሚገፋ፣ "ዘነበ" ሲሉት እጁን በመስኮት አውጥቶ የሚያጣራ። አንድ አናጢ ደግሞ እንዲህ ያለችውን ሰው አግብቶ ይኖራል። ሚስቱ የደም ካንሰር ተመራማሪ ናት፤ የላቦራቶሪ ባልደረቦቿም የባሏ ዘመዶችም "ክብርት ወይዘሮ ይደገም" ይሏታል። ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ነዋ።

"አግቢኝ" ሲላት እንኳ "ሳምንት ቆይተህ ድገመው፤ አለመለወጥህን ልየው" ብላ ነው የሸኘችው። ጠረጴዛ ሠርቶ ሲያመጣላት በሜትር ትለካለች። ሾርባ ቀምሳ "ጨው አንሶታል" ካለች በኋላ ከድስቱ ሌላ ጥግ ደግማ ትቀምሳለች። "ከሷ ጋር አንድ ዓመት መኖር ሁለት ዓመት ነው" እያለ ወዳጆቹን ያስቃል።

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ስትታመም ግን ሳቁ ጠፋ። በድካም ጀመራት፤ ቀጥሎ ምንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዝ ጀመር። የደም ካንሰር ነው ተባለ። መድኃኒቱ በሽታውን ገታላት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ነበር ቁርጡ ያልታወቀው። በተለመደው ምርመራ የእህትየው ውጤት ወደ ደኅናውም ወደ ክፉውም ሳያደላ መሀል ላይ ቀረ። በመድኃኒት ብቻ ልትድን ትችላለች፤ ሊያገረሽባትም ይችላል። የወንድሟ የአናጢው የአጥንት መቅኔ ቢተከልላት ይስማማታል፤ ንቅለ ተከላው ግን ራሱ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ወይዘሮ ይደገም ዓመታት የለፋችበት ምርመራ ይህንኑ ለመለየት ነበር። የእህትየው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳቻት።

"እትዬ፣ 'አለ' የሚለውን ቃል አስቢ። ሲላላ 'ተናገረ' ማለት ነው፤ ሲጠብቅ 'ይገኛል' ማለት ነው። ፊደሉ ያው፣ አነባበቡ ሌላ። ደምሽም እንደዚያ ነው። በዘር ጽሑፋችን ላይ የትኛው ይነበብ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚሉ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። ካንሰሩ እነሱን ያዛባል። አዛብቶ የሚተወው መልክ የበሽታውን ዓይነት ይለያል፤ ወዴት እንደሚያመራም ይጠቁማል።"

"ታዲያ የኔው ምን ይላል?"

"ያንቺን እኔ አልነካውም። እጄ ያደላል።"

ሐኪሙ ሲስማማ፣ እህትየው ገና ስትታመም የተቀዳውን ደም የማን እንደሆነ ሳትናገር ለባልደረባዋ ሰጠችው። ውጤቱ ክፉ ሆነ። ምልክቶቹ በሽታው በሚያገረሽባቸው ሰዎች ደም ላይ የሚታዩት ዓይነት ነበሩ።

አናጢው ያን የሚስቱን ቃል ከገዛ አፉ ሰማው። "ይደገም" አለ።

"ተደግሟል" አለችው ቀስ ብላ። "በሌላ ማሽን፣ በሌላ ሰው እጅ። ያው ነው።" ወደ እህቱ ዞረች። "እትዬ፣ ውሳኔው ያንቺና የሐኪምሽ ነው። እኔ ብሆን ግን ንቅለ ተከላውን እመርጣለሁ።"

እህትየው ትኩር ብላ አየቻት። "አንቺ ካመንሽ፣ እኔ ማን ነኝና እጠራጠራለሁ?"

ክረምቱ ከባድ ሆነባት። ፀጉሯ ረገፈ፤ ትኩሳቱ ሲመጣ ስም እንኳ ይጠፋባት ነበር። አናጢው ከክፍሏ መስታወት ውጭ ቆሞ የሰጣትን መቅኔ "እባክህ ያዝላት" እያለ እንደ ሰው ይለምነው ነበር። ያዘላት። ውሎ አድሮ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰችና ዘመድ ወይዘሮ ይደገምን ሊያመሰግን ተሰበሰበ።

"እኔን አታመስግኑኝ፤ አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም" አለች ተመራማሪዋ። "ያለ ንቅለ ተከላም ትድን ይሆናል፤ ማን ያውቃል?"

"ያ 'አንድ ሰው' ያልሽው እኔ ነኝ እኮ" አለች እህትየው ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ማስረጃውም ቀስ በቀስ ከብዙ ሕሙማን ደም ተገኘ፤ ሌሎች ላቦራቶሪዎችም ሞክረው ያንኑ አዩ። ሆስፒታሉ ምርመራውን ሥራ ላይ ሊያውል ሲነሣ ተመራማሪዋ አዳራሽ ሙሉ ሐኪሞች ፊት እንድታስረዳ ተጠራች። አናጢው ያለችውን አንድ ኮት ለብሶ በሐኪሞቹ መሀል ተቀመጠ። ከምትለው እኩሌታው አልገባውም። ሽበታሞቹ ሐኪሞች በጥያቄ ሲያዋክቧት ግን አንዱንም ሳታድበሰብስ ስትመልስ፣ የማታውቀውንም "አላውቅም" ስትል አየ። በመጨረሻ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

አጠገቡ የነበረው ሰው ጎንበስ አለና "ዶክተር፣ እርስዎ የየትኛው ክፍል ነዎት?" አለው።

"እኔ እንኳ አናጢ ነኝ" አለ ድምፁን ሳይቀንስ። "የተጨበጨበላት ግን ባለቤቴ ናት።"

ከፊቱ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩት። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እስኪጠግቡ ታየላቸው።