አጥቂ ነኝ ብዬ መካ ሄድኩ

ቼዝ የሚጫወት ሰው ሁሉ አጥቂ ነኝ ይላል። ልብ ብላችኋል? "እኔ እንኳ ተከላካይ ነኝ፣ ጥጌን ይዤ ነው የምጫወተው" የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔም ያው ነበርኩ። በደርግ ጊዜ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ሆኜ ጅዳ፣ ሸረፊያ የሚባል ሰፈር ስኖር የምመካባት ንብረቴ አንዲት ሞስኮ የታተመች የቼዝ መጽሐፍ ነበረች። አዲስ አበባ በርካሽ የገዛኋት ናት፤ አብዮቱ መቼም መጽሐፍ አልነፈገንም። ጅዳ ከመውረዴ በፊት ግን ሽፋኗን ገንጥዬ ጣልኩ። የሩሲያ ነገር ይዞ ሳዑዲ መግባት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው?

መጽሐፏ መጀመሪያ የራስህን አጨዋወት እወቅ ትላለች። አብሮኝ የሚኖረው ዶክተር መስፍን ደግሞ ከእኔ በፊት አወቀልኝ። አጥቂ ነህ አለኝ። እሱን ስለማሸንፈው መሰለኝ። አመንኩት።

ነገሩ የምር የሆነው ዘይነብን ሳይ ነው። ዘይነብ መካ ልብስ የሚሰፉት የሐጂ ሰይድ ልጅ ናት። የሐጂ አባት ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ጅዳ አንድ ሰርግ ላይ አየኋት፤ ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። ለአባቷ ሰው ብልክ መልሳቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽማግሌ ከመላኩ በፊት መጥቶ ሰንጠረዥ፣ ማለት ቼዝ፣ ይግጠመኝ፣ ሰውየውን እዚያ ላይ አየዋለሁ!

መስፍን ክርስቲያን ስለሆነ መካ መግባት አይችልም። ኬላውን ያለፈው ምክሩ ብቻ ነው፤ እሱም አጥቃ የሚል ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ሰሌዳውን ከጨርቅ ክምር ሥር አወጡ። ጨዋታውን የማይወዱ ሼኽ ጎረቤት አሏቸው። አንድ ወታደር ገፋሁና እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። እሳቸውም አንድ ገፉ። እጄን ሳላነሳ ደገሙ። ሠለሱ። ጉድ ፈላ! ረስተው ይሆን? እርጅና ይሆን? ልጁን የምትጠይቀውን ሰው "ሐጂ፣ ተራዬን ወሰዱብኝ" ትለዋለህ እንዴ? "ያላ፣ ተጫወት እንጂ!" ይሉኛል። በትሕትና አንዷን ገፋ አድርጌ እጄን አጣጥፋለሁ፤ እሳቸው አራት ይነዳሉ። ሻዬ ሳይበርድ ፈረሶቻቸው ንጉሤን ከበው ቆሙ። አጥቂው ሰውዬ አለቀለት።

ጅዳ ስመለስ መስፍን አማትህ አጭበርባሪ ናቸው ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን መልእክተኛዬ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ሐጂ ተቀይመዋል። "ልጁ ንቆኛል፤ እኔ እጫወታለሁ፣ እሱ ለቅሶ እንደመጣ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል" ብለዋል። ለካስ በአገራችን በጥንቱ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም! ሁለቱም የቻሉትን ያህል ይነዳሉ። አባታቸው ከወሎ ይዘውት የመጡት ጨዋታ ነው። እኔ የአዲስ አበባው ልጅ የአገሬን ጨዋታ ለመማር መካ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። የሞስኮዋ መጽሐፍ ስለዚህ ትንፍሽ አላለችም። ደግነቱ አንድ ዓርብ ተጨመረልኝ። ያቺ ካመለጠች ዘይነብም አመለጠች።

ሁለተኛዋ ዓርብ! ምን ልበላችሁ? ገና ተቀምጠን ሳንደላደል ጀመርን። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ እነዳለሁ። እጃችን ይጋጫል፣ ሻይ ይደፋል፣ ጥቅል ጨርቅ ይወድቃል። "ቀስ በል፣ አንተ ልጅ!" ይላሉ። "እርስዎ ቀስ ይበሉ!" እላለሁ። ይሉኝታዬ የት እንደገባ እንጃ። አንዴማ ፈረሴን ሊበሉ ሲሉ እጃቸውን ቸብ አደረግኩት። ክው አልኩ። የአማቴን እጅ መታሁ! ሱቁን ከቤታቸው ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ የዘይነብ ሳቅ ፈነዳ፣ ሐጂም ተከተሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ተሸነፍኩ። እንደገና ገጠምን፣ እንደገና ተሸነፍኩ። አራት ጊዜ።

ሐጂ የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ "ኸላስ፣ በቃ! ሽማግሌዎችህን ላክ" አሉኝ።

ከሰርጉ በኋላ መስፍንን በፍልስፍና አሰለቸሁት። የሰው አጨዋወት ከመጽሐፍ አይገኝም አልኩት፤ ይሉኝታውን ሲጥል ነው እውነተኛ ማንነቱ የሚወጣው፣ ሐጂም ያዩት ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ራሷን ዘይነብን ጠየቅኳት። አባትሽ ሰሌዳው ላይ ምኔን አይተው ነው የወደዱኝ? ድፍረቴን? ግልጽነቴን?

ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ጠይቀዋት እንደነበር ነገረችኝ፤ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ ነጋዴ። ሁለቱም ሐጂን አሸንፈዋቸው ነበር።