ስህተቴ ሊራባ ነው

ይቅርታ አድርጉልኝ። መጻፍ የሚያምርባቸው ሰዎች እያሉ እኔ እስክሪብቶ ማንሳቴ ድፍረት ነው። ፊደሌ ይንጋደዳል፤ ነጥቡ የቱ ጋ እንደሚገባም ሁልጊዜ አይገባኝም። ግን ነገሩን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ። ሰዎቹ ሁለት ናቸው፦ ልብስ ሰፊዋ አክስትና ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የወንድሟ ልጅ። ልጁ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ስለሆነ ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል።

(ልብስ ስፌት ቤት። አክስት የሊቁን ነጭ ጋዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አዝራር ትተክላለች። ሊቁ ስልኩን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል።)

ሊቁ፦ ሌላው አዝራር ነጭ፣ ይሄ ቡኒ! ሰው ምን ይለኛል?

አክስት፦ ነጩ አልቋል። ደግሞ ውለህ የምታድረው ከጀርም ጋር አይደል? ጀርም ቀለም ይመርጣል እንዴ?

ሊቁ፦ ጀርም አትበይው! ባክቴሪያ ነው፤ ያውም ጉዳት የሌለው። ወሬ አታስቀይሪ፣ ቃልሽን ስጪኝ።

አክስት፦ (ደንግጣ) ምን አጠፋሁ?

ሊቁ፦ የፖሊስ አይደለም! ቡድናችን ከየቤተሰቡ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ይሰበስባል። ሌላ ከተማ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ ወደ ሕዋስ ፊደል፣ ወደ ዲኤንኤ፣ ይቀይሩትና ባክቴሪያው ውስጥ ያስገቡታል። የሁሉም ደርሷል። እኔ ዛሬ ካልላክሁ ከቡድኑ እወጣለሁ፤ ገባሽ?

አክስት፦ አባትህን አትጠይቅም? እሱ ሲናገር ያምርበታል።

ሊቁ፦ ጠየቅሁት። ንግግሩ አላልቅ አለ። ያን ሁሉ የሚሸከም ባክቴሪያ የለም።

አክስት፦ ለመሆኑ የሕዋሱ ፊደል ስንት ነው?

ሊቁ፦ አራት።

አክስት፦ (መርፌዋን አቁማ) አራት ብቻ? እኔን ማታ ትምህርት ቤት ሰነፍ ያሉኝ ከዚያ በላይ አውቄ እኮ ነው!

ሊቁ፦ አራቱ ሲደረደሩ ሁሉን ይጽፋሉ። አይገባሽም፣ እለፊው።

አክስት፦ እሺ፣ ብሳሳትስ?

ሊቁ፦ እንደተባለ ይገባል። ማረም የለም፤ ደንባችን ነው።

አክስት፦ ከዚያስ?

ሊቁ፦ ከዚያማ ባክቴሪያው ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት፤ እያለ እያለ ሚሊዮን። እያንዳንዱ ቃልሽን ይዞ!

አክስት፦ (መርፌው ጣቷን ወጋት) ውይ! ስህተቴ ሊራባ ነው? ወረቀት ላይ ብሳሳት ቀድጄ እጥላለሁ። ልብስ ላይ ብሳሳት እተረትራለሁ። ሚሊዮኑን ማን ይተረትርልኛል?

ሊቁ፦ ኧረ በእናትሽ! በዓይን አይታይም እኮ!

አክስት፦ ካልታየ ምን ያደክማችኋል?

ሊቁ፦ በመሣሪያ ይነበባል!

አክስት፦ አየህ፣ የሚያነብ አለ።

ሊቁ፦ (ትንፋሹን ስቦ) በቃ፣ እዪ። እዚህ ጋ ስጫን ይቀዳል፤ ጣቴን ሳነሳ በቀጥታ ለእነሱ ይሄዳል። አንድ ነገር በይ፣ ምንም ይሁን።

(ይጫናል። አክስት አፏን ትከፍታለች፤ ትዘጋለች። ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። የጋዋኑን ኮሌታ ታስተካክላለች። ሊቁ በቅንድቡ «በይ እንጂ» ይላታል። እሷ አንገቷን ትደፋለች።)

ሊቁ፦ (ትዕግሥቱ አልቆ፣ እየጮኸ) እሺ! ደደቡ እኔ ነኝ! ሁሉን የምታውቀው አክስቴ ናት!

(በንዴት እጁን ሲያወናጭፍ ጣቱ ከስልኩ ላይ ይነሳል።)

አክስት፦ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ?

ሊቁ፦ ሄደ።

አክስት፦ ማን ሄደ?

ሊቁ፦ ያልኩት! (ስልኩ ይጮሃል። እየተንተባተበ ያነባል።) «እስካሁን ከደረሱን ሁሉ ይሄ በለጠ። ሥራውን ጀምረናል። አክስትህን ሰላም በልልን።»

አክስት፦ እሰይ! ከቡድኑ አልወጣህማ።

ሊቁ፦ ምን እሰይ ትያለሽ! ደደብ ነኝ ብዬ ልባዛ እኮ ነው! በሚሊዮን!

አክስት፦ (ክሩን በጥርሷ በጥሳ ጋዋኑን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት) አይዞህ፣ የወንድሜ ልጅ። በዓይን አይታይም።

በማግስቱ ጠዋት አክስት ሱቋን ከፈተች፤ የስፌት መኪናዋን ግን አልነካችም። የልብስ ልክ የምትቆርጥበትን ወረቀት ገልብጣ ዘረጋች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ የሚያያት እንደሌለ አረጋግጣ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላ ጀመረች። ገና ከመጀመሪያው መስመር ተሳሳተች። ልትቀድደው ወረቀቱን ያዘች። ከዚያ ነጩ ጋዋን ላይ እንዳለ የሄደው ቡኒ አዝራር ትዝ አላትና ብቻዋን ስቃ ቀጠለች።